አጭር ዓረፍተ ነገር

የመንደራችን ወንዶች ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍሩ አፋቸው አያርፍም። ይሰዳደባሉ፤ በእግር ኳስ ውጤት ይከራከራሉ፤ አንዱ የሌላውን አማት ያማል። ጫጫታው እስካለ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ግን ድምፁን ሳያነሣ፣ ፊቱን ሳይለውጥ አጭር ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ሁሉም ባለበት ቆሞ ያዳምጣል። «የጣሪያው ድጋፍ ጮኸ» ይል ይሆናል፤ ወይም «አየሩ ከበደኝ»። በዚህ ዓይነት አነጋገር የሚቀልድ ሰው በጉድጓዱ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም በማግሥቱ አብሮት የሚወርድ አያገኝም ነበር። ይህ ልማድ ደግሞ ከሥራ ልብሳቸው ጋር የሚወልቅ አልነበረም፤ ቤታቸውም፣ ክበባቸውም፣ ቀብር ላይም አብሯቸው ይሄድ ነበር።

እኔ ከሰል ቆፋሪ አልነበርኩም። አባቴና ወንድሞቼ ቆፋሪዎች ነበሩ፤ እኔ በመንደሩ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ደግሞ በሠራተኞቹ ክበብ ኦርጋን እጫወት ነበር። የእሑድ ቀትሩ ትርዒት የወንዶች ብቻ ነበር። ሴቶቹ ቤት ሆነው ጥብሱን ምድጃ ውስጥ ሲያገላብጡ፣ ወንዶቹ ምሳው እስኪደርስ ቢራቸውን ይዘው ዘፋኝ ወይም ቀልደኛ ያያሉ። በአዳራሹ ውስጥ የምትገኘው ብቸኛ ሴት ቢራ የምትቀዳው ኤድና ፓሊስተር ነበረች፤ እርሷንም ማንም እንደ እንግዳ አይቆጥራትም ነበር።

በአንድ የካቲት ወር ዊልፍ ጋርሳይድ የተባለ ቀልደኛ ወደ ክበባችን መጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ኒውካስል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለች ትንሽ ቴአትር ቤት አይቼው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራጫ ልብስ የለበሰ፣ ለዕዳ ሰብሳቢ በር የከፈተ የሚመስል ሰው ነው። ታሪክ አይተርክም፤ አይዘፍንም፤ ማንንም አያስመስልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰሚው የጎደለውን ነገር ራሱ ይሞላና ይስቃል። ተማሪዎቹ በሳቅ ብዛት ጉልበታቸው ላይ ተደፍተው ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጠች ልጅ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ስትጠርግ አስታውሳለሁ።

ወደ እኛ የመጣው በምርጫው አልነበረም። ላንግሪሽ የሚባሉ የቴሌቪዥን ሰው ለቅዳሜ ምሽት አዲስ ዝግጅት ቀልደኞች ሊመርጡ ከለንደን መጥተው የሰሜን እንግሊዝን ክበቦች ይዞሩ ነበር። ዊልፍን ሊያዩ የሚችሉት በዚያ እሑድ ቀትር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ባቡሩን ተሳፍረው ይመለሳሉ። ስለዚህ ለዊልፍ ሥራ የሚያፈላልግለት ወኪል ቀኑ ክፍት ሆኖ ያገኘውን ክበብ ያዘለት።

ከመድረኩ ጀርባ የቢራ በርሜሎች በሚቀመጡበት ክፍል ልብሱን ሲቀይር የሙዚቃ ኖታውን ልቀበለው ገባሁ።

«ኖታ የለኝም» አለኝ። «ስወጣ አንድ ነገር ተጫወት፤ ስጨርስ አንድ ነገር ተጫወት። በመካከሉ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

«ከበሮስ? የእኛ ከበሮ መቺ ከቀልዱ በኋላ አንዴ ይመታል፤ ሰዉ ለምዶታል።»

«የት ላይ እንደሚሳቅ ለማያውቅ ሰው ነው ከበሮ የሚመታው።» መስተዋት ስላልነበረ ክራቫቱን በበርሜሉ ናስ ውስጥ እያየ አሰረ። «እዚህ ያሉት ሰዎች እንዴት ናቸው?»

«ደጎች ናቸው» አልኩት።

«ይኼ ክፉ ዜና ነው።»

ሐሙስ ዕለት እንዳየሁት ነገርኩት። ስቄ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስቄያለሁ አልኩት።

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ አልስቅም።»

«ቲርዛም እንዳንተው ናት» አለ። «ባለቤቴ። ጮክ ብላ ስቃ አታውቅም፤ እጇን አፏ ላይ ታደርግና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የምሞክረው በእሷ ላይ ነበር፤ እራት በልተን ሳህኑ ሳይነሣ። አንዱም ሳይሳካልኝ ቀርቶ አያውቅም። አንዱም! ከእሷ በኋላ አገሩ በሙሉ ባይስቅ ግድ አልነበረኝም።»

«አሁንስ?»

«ሄደች። ከአራት ዓመት በፊት። የት እንዳለች አላውቅም፤ እህቷ አውቃ አትነግረኝም።» ኮቱን አጠለቀ። «ቅዳሜ ማታ ግን ቴሌቪዥን ማየት ትወዳለች። የትም ብትሆን ታያለች። እዚያ ሳጥን ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብገባ፣ የምናገረውን ትሰማለች። ከሰማች ትስቃለች። ከሳቀች ደግሞ…» ቀጥሎ ያለውን አልጨረሰውም። «ስለዚህ ያ የለንደኑ ሰውዬ ዛሬ አዳራሹ ሲስቅ መስማት አለበት። ሌላ የምሻው ነገር የለኝም፤ አስተማሪ። እውነቴን ነው።»

የክበቡ ሊቀመንበር ሴፕ ሬድሾው፣ የትርዒቱ ቀን ሲሆን፣ ከመድረኩ ጎን ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የራሱን ድምፅ ማጉያ ይዞ ይቀመጣል። ዘፋኝ እየዘፈነም ቢሆን ማስታወቂያ ካለው ጣልቃ ይገባል። በሊጥ የተጋገረው የሥጋ ፓይ ሲደርስ፣ የጠፋ ቁልፍ ሲገኝ፣ የአንዱ ሚስት ምጥ ሲይዛት፣ ሁሉ የሚነገረው በእርሱ በኩል ነው። ማንም ተቀይሞት አያውቅም፤ ከዘፋኞቹ በስተቀር።

«ፀጥታ!» አለ ሴፕ። «ፀጥታ ነው የምላችሁ! ዛሬ ቀልደኛ አለን። ከሊድስ ነው የመጣው፤ ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም። ከፊት የተቀመጡት ሰውዬ ደግሞ ከቴሌቪዥን ስለሆኑ እግራችሁን ከወንበር ላይ አውርዱ። ዊልፍ ጋርሳይድ!»

ሚስተር ላንግሪሽ ሰማያዊ የሐር ስካርፍ አድርገው፣ የብርቱካን ጭማቂ ይዘው ከፊት ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ያጨበጨቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔም መግቢያውን ተጫወትኩና እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ዊልፍ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«መሰላል ገዛሁ። እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጸው መመሪያ የተጻፈው ከላይኛው እርከን ላይ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዱ «መልሰህ ውሰደዋ!» አለው፤ በክፋት አልነበረም፤ ምክሩን ነው የሰጠው። ዊልፍ ፊቱ አልተለወጠም።

«ለጎረቤቴ ድመትህ መንገድ ላይ ተድጣ ሞታለች አልኩት። ድመት የለኝም አለኝ። አሁንማ የለህም አልኩት።»

«ሳቁ የታለ?» ሲል አንድ ወፍራም ድምፅ ጠየቀ።

«በፖስታ ይመጣልሃል!» አለው ሌላው።

በዚህኛው አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ዊልፍ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ሳቁ የእርሱ እንዳልሆነ ግን ያውቅ ነበር። ከመድረኩ ሆኖ ላንግሪሽን በዓይኑ ጫፍ ሲያይ አየሁት። ላንግሪሽ አገጫቸውን በስካርፋቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዊልፍ ይህን ሲያይ ልብ አገኘ መሰለኝ፣ የተሻለ የሚላቸውን አወጣ። እነዚያ የተሻሉት ደግሞ በሙሉ ስለ ሚስቱ ነበሩ።

«ሚስቴ ትታኝ የሄደች ዕለት ይዘንብ ነበር። ጃንጥላውን ትታልኝ ሄደች። እንደማትመለስ ያወቅሁት ያኔ ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ይህኛው ጸጥታ ከቀደመው የተለየ ነበር። ቀደም ሲል ያልገባቸው ሰዎች ዝምታ ነበር፤ አሁን ግን ብርጭቆውን ያነሣ አልጠጣም፤ ክብሪት የጫረ ሲጋራውን አልለኮሰም። ጃክ ኦትዌይ የሚባል፣ ሚስቱ ከገና በፊት የሞተችበት ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ።

«እስከ ዛሬ እራት የምሠራው ለሁለት ሰው ነው» አለ ዊልፍ። «ሁለታችንም አንወደውም።»

ላንግሪሽ ጮክ ብለው ሳቁ። በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል የአንድ ሰው ሳቅ እንዴት እንደሚሰማ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ቀብር ላይ ሳህን እንደ መስበር ነው። ሰዉ ቀስ ብሎ ዞሮ አያቸው። አንዱ «ሰውዬው ታመው ነው?» ሲል ጠየቀ፤ ሌላው «ተዋቸው፤ የለንደን ሰው ናቸው» ብሎ መለሰለት።

«ሐኪሙ፦ ከራስህ ጋር ታወራለህ ወይ? አለኝ። ድሮ አወራ ነበር፤ አሁን ተኳርፈናል አልኩት።»

ኒውካስል ላይ ይህችን ሲናገር ልጆቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ መትተው ነበር። ልዩነቱን አሁን መረዳት ጀመርኩ፤ ሆኖም መረዳቴ ማንንም የሚጠቅም አልነበረም። ተማሪዎቹ ያዳምጡ የነበረው ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚታጠፍ ነበር። እንደ ተጠማዘዘ ሽቦ ያዩት ነበር፤ ከሽቦው ወዲያ ሰው መኖሩ አያሳስባቸውም ነበር፤ ሊያሳስባቸውም አይገባም፤ ሊስቁ ነው የመጡት። የእኛ ሰዎች ግን የሚሰሙት የሆነውን ነገር ነበር። አንድ ሰው ድምፁን ሳያነሣ፣ ፊቱን ሳይለውጥ፣ በአጭሩ «ሚስቴ ሄደች፣ ብቻዬን ነኝ፣ ምግብ አይጥመኝም» አላቸው። በሕይወታቸው ሙሉ እንዲህ ያለ ንግግር የሰሙት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ የሴፕ ድምፅ ማጉያ ጮኸ።

«አንዴ ቆይ፣ ወንድሜ።»

ዊልፍ ቆመ። ክበቦችን ስለሚያውቅ «ፓዩ ደረሰ?» አለ።

«ፓዩ ይቆይ። ሰዎቹ እየጠየቁኝ ነው። ይህች ሴትዮ… እውነት ነው ወይ?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ሚስትህ ናታ! ሄዳለች ወይስ አልሄደችም? ሄዳ ከሆነ ንገረን፤ ካልሄደች ደግሞ እንዲህ ብሎ መቀለድ ነውር ነው።»

ላንግሪሽ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ። ከሳቃቸው ብዛት ጭማቂው ተደፋባቸው። የሴፕ ጥያቄ የትርዒቱ አካል መስሏቸዋል፤ እጃቸውን እያወዛወዙ «ግሩም! ግሩም!» ይላሉ።

ዊልፍ ከሴፕና ከላንግሪሽ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ግራ ተጋብቶ ሲቆም በዚያን ጊዜ ብቻ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ልማዱ ሆኖ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጀመረ፦ «ሚስቴ እንኳ…» አለና ተወው።

«ሄዳለች» አለ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ቲርዛ።»

«ቲርዛ» አለ ሴፕ በማጉያው፣ ልክ የጠፋ ቁልፍ እንደሚያስታውቅ ሁሉ። «ቲርዛ ጋርሳይድ የምትባል ሴት የሚያውቅ አለ? ቁመቷ ስንት ነው፣ ወንድሜ?»

«ትከሻዬ ድረስ» አለ ዊልፍ፣ እጁን እያሳየ።

ኤድና ፓሊስተር ከባንኮኒው ጀርባ ፎጣውን ጥላ «ቲርዛ?» አለች። «እህቴ ሂልዳ ጋ አልጋ የምታነጥፍ ቲርዛ አለች። ስካርብሮ ከተማ፣ እንግዳ ማረፊያዋ ውስጥ። ዝምተኛ ናት። በዚህ አገር ስንት ቲርዛ ይኖራል ብላችሁ ነው?»

እንዲህ ሆኖ ነው ትርዒቱ የተቋረጠው። ሴፕ ፓዩ እንዲገባ አዘዘና ቢንጎ የሚባለውን የቁጥር ጨዋታ አስቀድሞ ጀመረ፤ ዊልፍን ደግሞ ኤድናና እኔ ወደ መተላለፊያው ይዘነው ወጣን። ባለፍንበት ሁሉ ወንዶቹ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፉ ነበር። ጃክ ኦትዌይ ለሚስቱ መቃብር ይወስደው ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ በጋዜጣ የጠቀለለውን የጓሮውን ባሮ ሽንኩርት አስታቀፈው። ያ ሽንኩርት በመንደራችን ለውድድር የሚቀርብ፣ ሰው ከልጁ እኩል የሚሳሳለት ነው። «በቅቤ ጥበሰው፣ የኔ ልጅ» አለው፤ «ብቻህን ስትሆን ሾርባ አይወርድልህም።»

ዊልፍ «አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «አስተማሪ፣ እነዚህን ሰዎች ማስቆም አይቻልም?» አለኝ።

ስልኩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኤድና ደወለች። «ሂልዳ፣ እኔ ነኝ። አይ፣ ማንም አልሞተም። ያቺ ቲርዛ አለች? አዎ፣ አሁን። ጥሪያት ነው የምልሽ፣ ሳህኑ አይሸሽም!» መነጋገሪያውን ለዊልፍ ሰጥታ ሄደች። እኔም ልሄድ ስል ክንዴን ያዘኝ፤ ባሮ ሽንኩርቱን አቀበለኝና አልለቀቀኝም። መስመሩ ጥርት ያለ ስለነበር የሴትዮዋን ድምፅ ከነትንፋሿ እሰማ ነበር።

«ሄሎ?»

«ቲርዛ፣ እኔ ነኝ።»

ከአዳራሹ ሴፕ የቢንጎ ቁጥር ሲጠራ ይሰማል።

«እንዴት አገኘኸኝ፣ ዊልፍ?»

«ፓይ ስጠብቅ።»

እርሷ በጥንቃቄ «ይኼ ቀልድ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ነበር።»

«ይቅርታ። በስልክ መለየት አልችልም።»

«በስልክ?»

«ፊትህን ሳላይ ማለቴ ነው። ስትጨርስ ቅንድብህን ትንሽ ከፍ ታደርግ ነበር። ያኔ እስቅ ነበር።»

ዊልፍ መነጋገሪያውን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረ፤ ያኛው ጆሮ የተሻለ ወሬ ይሰማ ይመስል። «በሁሉም ስቀሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እሺ፣ የትኞቹ ናቸው ያልገቡሽ?»

«ዊልፍ…»

«ንገሪኝ። አስተካክላቸዋለሁ።»

«አንዱም አልገባኝም» አለች። ድምፅዋ ክፋት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «አትቀየመኝ። ሌሎቹ ሲስቁ አያለሁ፤ ጥሩ እንደሆኑ አውቃለሁ። እነሱ ግን ከትርዒቱ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ እዚያው ነኝ። አንተ ተራበ ስትል፣ ተራበ ነው የምሰማው። ሞተ ስትል ሞተ ነው። ከዚያ ምን ሆነ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አንተ ደግሞ ጨርሰሃል።»

«ለምን ሳቅሽ ታዲያ?»

«ደስ ይልህ ነበር። ሳህኑንም እንዳነሣ ትለቀኝ ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ ስለ ሬሳ ሣጥኑ ዋጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርክ። ትዝ ይልሃል? አክስቴ እስክታለቅስ ሳቀች። በጣም ጥሩ ነው ተባለ።»

«ጥሩ ነበር» አለ ዊልፍ፣ በቀስታ።

«ይሆናል።»

«ቴሌቪዥን ላይ ልወጣ ነው፣ ቲርዛ። ቅዳሜ ማታ። ምናልባት። ታይኛለሽ?»

«ቴሌቪዥኑ የእንግዶቹ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። በዚያ ሰዓት እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳህን አጥባለሁ። ሳቁ በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ የሚሉት ግን አይሰማም።» ከበስተጀርባዋ አንድ ሰው ጠራት። «ልሂድ። ሴትዮዋን ስለ እኔ ደግማ እንዳትደውል ንገርልኝ፤ እባክህ። ደህና ነኝ። አንተም ደህና ሁን።»

ስልኩን ዘጋች። ዊልፍ መነጋገሪያውን ወዲያው አልሰቀለውም። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ የተለመደችውን አጭር ዓረፍተ ነገር ሊናገር እንደሆነ አወቅሁ። መጀመሪያውን አገኘው፤ መጨረሻውን ግን ሲፈልግ ቆይቶ አፉን ዘጋ።

በዚህ ጊዜ ሚስተር ላንግሪሽ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸው ገና እንባ እንዳዘለ፣ ወደ መተላለፊያው ወጡ።

«ሚስተር ጋርሳይድ! ባቡሬ እየሄደ ነው፤ አጭር ልሁን። እርስዎ ያው ድንቅ ነዎት፤ ያንን ግን አላውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ ሲገባብዎ! ያ ሽማግሌ ኮፍያውን ሲያወልቅ! እንዴት አድርገው አለማመዷቸው? አንድ ሰው እንኳ ሳይስቅ! ሁለት መቶ ወንድ!»

«አላለማመድኳቸውም» አለ ዊልፍ።

«እንደሱ ነው መባል ያለበት» አሉ እየሳቁ። «ቅዳሜ፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ፤ ብዙ ሰው የሚያይበት ዋናው ሰዓት። ይስማማዎታል?»

እምቢ እንዲል ጠበቅሁ። ለምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ እምቢ ብሎ የሚሄድበት ሌላ ነገር አልነበረውም። የፈለገው ሁሉ ተሰጠው፤ የፈለገበት ምክንያት ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት በስልክ አለቀ።

«ሳቁ ጮክ ያለ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የቱ ሳቅ?»

«የእናንተ አዳራሽ። ሰዎቹ ሲስቁ ጮክ ብለው ነው? ግድግዳ ያልፋል?»

ላንግሪሽ ይህንንም ወደዱት። እየሳቁ እጁን ጨበጡት፤ «ያልፋል!» አሉት፤ «ግድግዳ ያልፋል!» ብለው ሮጠው ወጡ።

ዊልፍ ሁለተኛውን ዙር አልሠራም። ሴፕ እንዳይደክም ነግሮት ነበር፤ በዚያ ላይ ሰዉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አገኛት?» ሴፕ በማጉያው «አግኝቷታል» አለ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ከመጣ ጀምሮ ከእኛ ሰዎች ያገኘው ጭብጨባ ያ ብቻ ነበር። በጓሮው በር ወጥቶ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሽንኩርቱን ታቅፎ ሲሄድ በመስኮቱ አየሁት። አንዳንዶቹ ወደ ጥብሳቸው ሲሄዱ በአጠገቡ እያለፉ እጃቸውን ያነሡለት ነበር፤ እርሱም ያነሣ ነበር።

በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ በክበቡ ቢራ ቤት ያለውን ቴሌቪዥን ለማየት ከወትሮው የበዛ ሰው መጣ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው የተቀመጠው። ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ስለ ዊልፍ ነግረዋቸው ነበርና ሴቶቹ ሊያዩት ጓጉተዋል፤ ጃክ ኦትዌይም የቀብር ልብሱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል።

ዊልፍ ወጣ። አዲስ ልብስ አልብሰውታል። ስለ ድመቷ ተናገረ፤ ስለ ጃንጥላው ተናገረ። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳቅ የሚያስፈራ ነበር፤ እየተነባበረ ይመጣና የቢራ ቤታችንን ብርጭቆዎች ያንቀጠቅጣል። በእኛ ጠረጴዛዎች ዙሪያ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት «ምን አድርጓቸው ነው እንዲህ የሚስቁበት?» ብላ ባሏን ጠየቀች።

ቀጥሎ ከዚያ በፊት ያልሰማሁትን ተናገረ።

«ሚስቴን በስልክ አገኘኋት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሳቀችልኝ ሳህኑን እንድታነሣ ብላ ነው አለችኝ።» ዝም አለ። ቅንድቡን አላነሣም። «ሳህኑ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ካሜራው ሰዎቹን አሳየ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው፣ አንዳንዱ ቆሞ እየጮኸ። በመሐል ዊልፍ ብቻውን ቆሞ ሳቁ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ያዳምጥ የነበረውን እኔ አውቅ ነበር፤ ሳቁ ግድግዳ ያልፍ እንደሆነ ነበር።

ኤድና ባዶ ብርጭቆዎች ይዛ ከአጠገቤ ቆመች።

«ሂልዳ ዛሬ ደወለችልኝ» አለች። «ያቺ ቲርዛ ሥራዋን ለቀቀች። ማክሰኞ ዕለት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ስልኩ ከተደወለ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም አለች ሂልዳ። ወዴት እንደምትሄድ ለማንም አልነገረችም።»

ሴፕ ከጎናችን ነበርና ሰማት። «እሱ ያውቃል?» ሲል ጠየቀ።

«ማን ይነግረዋል?»

ሳጥኑ ውስጥ ገና ይስቁ ነበር። ሴፕ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ወንበር ስቦ ወጣበትና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ማንም «ለምን አጠፋኸው?» አላለውም።